ይሉኝታ የማይገባበት ክፍል

ስለ ድብርትና ስለ ጭንቀት በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም፣ በዩቲዩብም ከመቼውም በላይ እየተወራ ነው። በአዲስ አበባም የሥነ ልቦና ምክርና የሥነ አእምሮ ሕክምና የሚሰጡ የግል ማእከላት ከፋርማሲውና ከጥርስ ክሊኒኩ ጎን ታፔላቸውን ሰቅለው ይታያሉ። ወሬው ግን በአብዛኛው «ባለሙያ ያማክሩ» በሚለው ምክር ያበቃል። በሩን አንኳኩቶ የገባው ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው የሚነግረው የለም። ስለዚህ የለመደውን ይዞ ይገባል። እንደ ሐኪም ቤት ሕመሙን ተናግሮ የሚታዘዝለትን ይጠብቃል፤ ካልሆነም እንደ ሽማግሌ ፊት በደሉን ዘርዝሮ ፍርድ ይጠብቃል። ቴራፒስቱ መድኃኒትም አይጽፍለትም፣ «ጥፋተኛዋ እሷ ናት» ብሎም አይፈርድለትም። ደንበኛው ቅር ይለዋል፤ ቅር ማለቱን ግን አይናገርም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይወጣና ለሦስተኛው ቀጠሮ ሲደወልለት ስልኩን አያነሳም። ቴራፒ ሊጀምር ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቴራፒ የሚጠቅመው ደንበኛው ለባለሙያው የማያምረውን እውነት ለመናገር በደፈረ መጠን ነው፤ ይህን እንዳናደርግ አጥብቆ የሚይዘን ደግሞ ይሉኝታችን ነው።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ቀረብ ብለን እንየው። ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ቅጽ ይሞላል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ድንገት ችግር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው፣ አሁን የሚወሰድ መድኃኒት፣ ከዚህ በፊት የተደረገ ሕክምና። በፊልም የምናየው ሶፋ ላይ መጋደም የአንድ የቆየ የሕክምና ዘርፍ ልማድ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው ባለሙያውና ደንበኛው ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት፣ ባለሙያው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ደግሞ ሰዓት ይኖራል። ከዚያ «ምን አመጣዎት?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ አስከትሎም ብዙ ሰው ያልተዘጋጀበት «ለምን አሁን?» የሚለው። ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣ ሰው ዛሬ ሊመጣ የቻለበት ምክንያት አለው፤ ያ ምክንያት ብዙ ጊዜ የችግሩን ቁልፍ ይዟል። በእኛ ዘንድ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሰውነት ነው፦ ልቤን ይመታኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠንቃቃ ባለሙያ ይህን «ሐሳብ ነው» ብሎ አያልፈውም። የደም ማነስም ሆነ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ድካምና የልብ መምታት ስለሚያስከትሉ፣ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ሄደው የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ሊጠይቅ ይችላል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት፣ በቀን ስለሚጠጣው የቡና ብዛት ሳይቀር ይጠይቃል። ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ ስለደረሰ ሞትም እንዲሁ።

አንዳንዱ ማእከል ወረቀት ላይ የሰፈሩ ጥያቄዎች ያቀርባል። በብዙ አገር የተለመደው የድብርት መለኪያ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታል፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል፣ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። በአማርኛም ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል፤ «ሐሳቡን በአእምሮዬ ሊያስገባ ነው እንዴ?» ይላል። ጥናቶች የሚያሳዩት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው፤ ሐሳቡ ላለበት ሰው ግን ጥያቄው የመናገሪያ በር ይከፍትለታል። በዚህ ቀጠሮ ሌላ አንድ ነገር ማጣራት ያስፈልጋል፣ እሱም የባለሙያው ማንነት ነው። ሳይካትሪስት በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዝዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሥራው ንግግርና ልምምድ ነው፣ መድኃኒት አያዝዝም። ሁለቱ አብረው የሚሠሩበት ማእከል ብዙ ነው። ምን እንደተማሩ፣ ፈቃዳቸው ከየት እንደሆነ፣ እንደ እርስዎ ያለ ችግር ምን ያህል እንዳዩ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሙያውን የሚያከብር ሰው በዚህ አይቀየምም።

ምስጢርን በተመለከተ የእኛ ሰው ፍርሃት ከባድ ነው፣ ምክንያትም አለው። አዲስ አበባ ሰፊ ከተማ ብትሆንም የአክስት ልጅ፣ የእድር አባል፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ በየትኛውም እንግዳ መቀበያ ክፍል ሊገኝ ይችላል። ገበናን ለባዕድ ማውጣት ነውር ነው ተብለን አድገናል፤ ሆድ ይፍጀው ማለት እንደ ጨዋነት ተቆጥሮልናል። ይሁን እንጂ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል፤ የሃይማኖት አገልጋዮችን፣ ጠበቆችንና ሐኪሞችን የሚመለከተው በአንድ አንቀጽ ነው። ሆኖም ምስጢር ጠባቂነቱ ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መንገር አለበት። ደንበኛው ራሱን ወይም ሌላን ሰው ሊገድል መሆኑ ከታወቀ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ ዝምታው ይሰበራል። ከዚህ ሌላ ግን «ከፋይዋ እኔ ነኝ» የምትል እናት ለአካለ መጠን የደረሰ ልጇ ምን እንዳወራ የመስማት መብት የላትም። ስለዚህ ባለሙያው ሳይነግርዎት ከቀረ ይጠይቁት፦ ማስታወሻው የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? የሚገናኙት በስልክ ወይም በቪዲዮ ከሆነ ንግግሩ ይቀዳል? መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ይሉኛል ወይስ ያልፉኛል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሚስቱን ይዞ ገበያ ለወጣ ሰው ግን ቀላል አይደለም።

ከሁለተኛው ቀጠሮ ጀምሮ ሥራው መልክ ይይዛል። ባለሙያውና ደንበኛው ምን ቢለወጥ ጥሩ እንደሆነ ይስማማሉ። «ሰላም እንዲሰማኝ» የሚለው ምኞት ሰፊ ስለሆነ፣ «በሳምንት አምስት ሌሊት እንድተኛ»፣ «ከወንድሜ ጋር ሳልጮህ እንዳወራ» ወደሚል የሚታይ ነገር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ ባለሙያው ሥልጠና ይለያያል። አንዳንዱ ያለፈውን ሕይወት እየቆፈረ በዛሬው ላይ የሚደጋገመውን ይፈልጋል። ሌላው በሐዘን፣ በጠብና በሕይወት ለውጥ ላይ ያተኩራል። በጥናት በብዛት የተፈተነው ግን አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው፣ ሐሳብንና ድርጊትን አያይዞ የሚመረምረው ዘዴ ነው። ለምሳሌ ደንበኛው አንድ ወረቀት በአራት እንዲከፍል ይታዘዛል፦ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምን አደረግሁ። «አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ» ይላል የመጀመሪያው። «ሊያባርረኝ ነው» ይላል ሁለተኛው። «ሆዴ ተቋጠረ፣ ላብ አጠመቀኝ» ይላል ሦስተኛው። «ከሰዓት በኋላ ታምሜያለሁ ብዬ ወጣሁ» ይላል አራተኛው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱ ሰዎች በዚህች ወረቀት ላይ ያጎነብሳሉ፤ ሁለተኛው ዓምድ ላይ የሰፈረው ነገር ማስረጃው ምንድን ነው? አለቃው በዚያ ቀን ሌላ ሰውስ ሰላም ብሎ ነበር?

ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ድርጊት ይከተለዋል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ድንገት ልቡ እየደለቀ፣ ትንፋሽ እያጠረው «አሁን ልሞት ነው» ያለ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲ መሳፈር ይተዋል። በእግር ይሄዳል፣ ከሥራ ይዘገያል፣ ፍርሃቱ ግን በመራቅ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። ከባለሙያው ጋር ደረጃ ያወጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ተራ ማስከበሪያው ጋ ሄዶ ቆሞ መመለስ፤ ቀጥሎ መኪናው ሲቆም በሩ አጠገብ መቀመጥ፤ ከዚያ አንድ ፌርማታ ሄዶ «ወራጅ አለ» ማለት፤ ቀስ በቀስ ከኋላ ወንበር፣ በሰው መሐል፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ። በእያንዳንዱ ደረጃ ልቡ ይመታል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይረጋጋል፤ የሚማረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ለውጥ የሚመጣው ከክፍሉ ውጭ፣ በሁለት ቀጠሮዎች መሐል ባሉት ስድስት ቀናት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የባሰ ስሜት ቢሰማም አይገርምም፤ ለዓመታት የተሸሸገ ነገር ሲነካ ያማል። ሕመሙ ግን ምክንያቱ መታወቅ፣ ለባለሙያውም መነገር አለበት።

መነገር አለበት የምለው ባለሙያው ሳይነገረው ሊያውቅ ይችላል የሚለው እምነት በጥናት ስላልተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 550 ደንበኞችን የተከታተለ ነበር። ባለሙያዎቹ ከደንበኞቻቸው የትኛው እየባሰበት እንደሚጨርስ እንዲተነብዩ ተጠየቁ። 40 ሰዎች ባሰባቸው። ባለሙያዎቹ ይብስባቸዋል ያሉት ሦስት ሰዎችን ብቻ ነበር፤ ከሦስቱም ትክክል የሆነው አንዱ ነው። የሠለጠነ ዓይን ያለው ባለሙያ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው እየሰመጠ መሆኑን አላየም። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱን ያመለክታል። ከተጠየቁት 547 ደንበኞች 93 በመቶው ለቴራፒስታቸው ዋሽተው እንደሚያውቁ ተናገሩ። በጣም የተለመደው ውሸት ደግሞ የወንጀል ወይም የወሲብ ጉዳይ አልነበረም፤ ሕመማቸውን አሳንሶ መናገር ነበር። ይህ የሆነው አሜሪካ፣ ሐሳብን በግልጽ መናገር እንደ ምግባር በሚቆጠርበት አገር ነው። እኛ ጋ «እንዴት ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቤት ቢቃጠልም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። መልካም ምግባር ነው፣ ከቴራፒ ክፍል በር ውጭ። በውስጥ ግን አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ «ተሽሎኛል» ካለ፣ ባለሙያው ያንኑ ይዞ ወደሚቀጥለው ሥራ ይሻገራል።

ይሉኝታው በዚህ አያበቃም። ባለሙያው በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ መቃወም ያሳፍራል፤ የሚያንስ ከሆነ ደግሞ ለልጅ እግር ባለሙያ የትዳርን ነገር መዘርዘር ያሸማቅቃል። «ዶክተር» የሚለው መጠሪያ ራሱ አፍ ያስይዛል። የተሰጠው የቤት ሥራ ትርጉም ያልሰጠው ሰው «እሺ» ብሎ ሳይሠራው ይመጣል፣ «ጊዜ አጣሁ» ይላል። በባለሙያው አሽሙር የቆሰለ ሰው ፈገግ ይላል። ከዚያም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የ669 ጥናቶች ድምር ትንተና እንዳሳየው ቴራፒ ከጀመሩ ሰዎች አምስተኛው ያህል ሥራው ሳያልቅ ያቋርጣሉ። ለሕክምናው ውጤት አስተማማኝ ፍንጭ ሆኖ በተደጋጋሚ የተገኘው ደግሞ በባለሙያውና በደንበኛው መሐል ያለው መተማመን ነው፤ ምን ላይ እንደምንሠራ፣ እንዴት እንደምንሠራ መስማማት። መተማመን የሚመጣው ደንበኛው ጨዋ ስለሆነ አይደለም። ቅሬታ ተነስቶ፣ ባለሙያው ሳይቆጣ ሰምቶ፣ አብረው ሲያስተካክሉት ይጠነክራል። «ባለፈው ሳምንት ያሉኝ ነገር ቅር አሰኝቶኛል»፣ «ይህ ልምምድ ለምን እንደሚጠቅም አልገባኝም»፣ «አንድ ነገር ሳልነግርዎት ቀርቻለሁ» ማለት የቴራፒው ዋና ሥራ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

ተቃውሞው ብዙ ነው፣ መናቅም የለበትም። ሥር የሰደደው ተቃውሞ ከሙያው ውስጥ የተነሳው ነው። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃንስ አይዘንክ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ ከጭንቀት ሕመምተኞች ሁለት ሦስተኛው ያህል ሕክምና ቢያገኙም ባያገኙም በሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል አለ። ጊዜ ራሱ መድኃኒት ከሆነ ገንዘብ ለምን ይወጣል? ጥያቄው ሙያውን ወደ ቁጥር ገፋው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን ደምረው ሲያሰሉ፣ ቴራፒ ያገኘው አማካይ ሰው ካላገኙት 75 በመቶው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መጠኑን ዝቅ አድርገውታል፤ ውጤት ያላሳዩ ጥናቶች መሳቢያ ውስጥ ስለሚቀሩ የታተሙት ብቻ ሲደመሩ ሥዕሉ ያምራል። ቢሆንም ጥቅሙ አልጠፋም። ለእኛ ደግሞ ከአሜሪካ ይልቅ የሚቀርበን ኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሙከራ፣ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ በድብርት የሚሠቃዩ ሰዎች ያሉባቸው 30 መንደሮች በዕጣ ተለዩ። በግማሾቹ መንደሮች ሰዎች በቡድን ሆነው በየሳምንቱ 90 ደቂቃ፣ ለ16 ሳምንታት ተሰባሰቡ፤ የመሩአቸው ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በእነዚህ መንደሮች የድብርት መጠን ከ86 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ወረደ። ምንም ባልተደረገላቸው መንደሮችም ከ94 ወደ 54.7 በመቶ ወርዷል። አይዘንክ በከፊል ልክ ነበር ማለት ነው፤ ጊዜ ብዙ ሰው ያሽላል። በ6.5 እና በ54.7 መሐል ያለው ልዩነት ግን የጊዜ ሥራ አይደለም። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለውም ተቃውሞ መልሱ በዚሁ ሙከራ ውስጥ አለ።

ሌላው ተቃውሞ ለልብ ይቀርባል። ንስሐ አባት አለኝ፣ ጸበል አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ቡና ላይ የማወያያት ጎረቤት አለች፤ ለማላውቀው ሰው ከፍዬ ሆዴን ለምን እከፍታለሁ? እነዚህ ሁሉ የሚያድኑት ሰው ቁጥሩ ቀላል እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ቴራፒም ሊተካቸው አልመጣም። በአማኑኤል ሆስፒታል 1,044 ታካሚዎችን ያጠናና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ከ10 ሰው ሦስቱ ያህል መጀመሪያ የሄዱት ወደ ካህን፣ ወደ ጸበልና ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕመሙ ከጀመረ ሆስፒታል እስኪደርሱ ያለፈው ጊዜ መካከለኛው 38 ሳምንት ነበር። ስምንት ወር ከግማሽ በላይ ነው። ሆኖም ንስሐ አባት የሚያዩት ከኃጢአትና ከይቅርታ አንጻር ነው፤ ሽማግሌ የሚደክመው ጠቡ እንዲበርድና ትዳሩ እንዳይፈርስ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ታዝናለች፣ ታጽናናለች፣ ነገ ግን ባልሽን ስታይ ምን እንደነገርሻት ታስታውሳለች። ሁሉም በውጤቱ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ቴራፒስቱ ግን ዘመድ አይደለም፣ ሠርግ ላይ አይጠራም፣ ከነገሩ የሚያተርፈውም የሚያጣውም የለም። የሚከፈለውም ለዚሁ ነው፦ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል የአንድን ሰው ችግር ብቻ ለሚያይ፣ በሠለጠነበት ዘዴ ለሚሠራ ዓይን። ጸበል መጠመቅና ቀጠሮ ማክበር አይጋጩም። ባለሙያው እምነትዎን ቢያጣጥል ወይም በአንጻሩ የራሱን እምነት ሊጭንብዎ ቢሞክር ግን ያ ጥፋት ነው።

ገንዘቡስ? ይህን ተቃውሞ በወሬ ማለፍ አይቻልም፤ በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው የግል ቴራፒ ከባድ ወጪ ነው። የሚያዋጣው ወጪውን አስቀድሞ መገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ሰፊ ትንተና ከደንበኞች ግማሽ ያህሉ በስምንተኛው ቀጠሮ ገደማ የሚለካ መሻሻል እንዳሳዩ፣ በ26ኛው ደግሞ ወደ 75 በመቶ እንደደረሱ ይናገራል። ይህ የሁሉ ሰው ልክ አይደለም፤ ለዓመታት የቆየ የጥቃት ጠባሳ ያለበት ሰው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሆኖም ለእቅድ ይጠቅማል። ከመሄድ በፊት ስልክ ደውሎ የአንዱን ቀጠሮ ዋጋ፣ የደቂቃውን ብዛት፣ ቀጠሮ ቢሰረዝ ይከፈል እንደሆነ መጠየቅ፤ በመጀመሪያው ቀን «የምችለው ስምንት ቀጠሮ ነው፣ በስምንት ምን ማድረግ እንችላለን?» ማለት ይቻላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ማድረግም አለ። አቅሙ ከሌለ አማኑኤል፣ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱን የመሰሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ ወረፋው ረጅም፣ ከባለሙያው ጋር የሚገኘው ጊዜም አጭር ሊሆን ይችላል። «ችግሬ የቤት ኪራይ ነው፣ ማውራት ኪራይ አይከፍልም» የሚለውም እውነት ነው። ነገር ግን በዚምባብዌ ሐራሬ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውና አያቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰጡት ምክክር የሚነሳው ከዚሁ ነው፤ ሥራ ማጣት፣ የባል ዱላ፣ ኤችአይቪ። ችግሩን ክፍል በክፍል ለይተው አንዱን መርጠው ለመፍታት ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የወጣው ሙከራ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የነበረባቸው ምክክሩን ካገኙት 13.7 በመቶ፣ የተለመደውን የክሊኒክ አገልግሎት ካገኙት ግን 49.9 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ድህነታቸው አልጠፋም፤ የተለወጠው ጠዋት ተነስቶ አንድ ነገር የመሞከር አቅማቸው ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ቴራፒስት ፈቃድ የሚያገኘው በግዛት ነው፤ ስለዚህ ሜሪላንድ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ቴክሳስ ያለን ሰው በቪዲዮ ለማከም የቴክሳስ ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ መንገድ ያስፈልገዋል። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በጤና ፈንዶቹ በኩል ይሰጣል። አማርኛ የሚችል ካልተገኘ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጅን ወይም ባልን ማስተርጎም ግን ይሉኝታውን እጥፍ ያደርገዋል። ዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚቸግራት በሩ የሚዘጋ ክፍልና የራሷ የሆነ አንድ ሰዓት ማግኘት ነው።

መቼ መተው ይገባል? ባለሙያው ስለ ራሱ ሕይወት አብዝቶ የሚያወራ፣ የሚሰድብ፣ የሚያሳፍር፣ በአንድ ወር እፈውሳለሁ ብሎ የሚምል፣ ከቀጠሮ ውጭ ሻይ እንጠጣ የሚል፣ ወይም በማንኛውም መልኩ ለወሲብ የሚጋብዝ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ መውጣት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ አቤት የሚባልበት ጥፋት ነው። እነዚህ ከሌሉና ዝም ብሎ ካልገጠመዎት ግን ከመቅረትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይናገሩ። ንግግሩ ነገሩን ሊያስተካክለው ይችላል። ካልተስተካከለም ጥሩ ባለሙያ ወደ ሌላ ሰው ይመራዎታል፤ ሌላ ባለሙያ መፈለግም ክህደት አይደለም።

ቀጠሮ ይዘው ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ባለው ምሽት አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ያመጣኝ ምንድን ነው፣ ምን ቢለወጥ ገንዘቤ አልባከነም እላለሁ፣ ለማንም ያልነገርኩት ምንድን ነው። ሦስተኛውን በመጀመሪያው ቀን ማንበብ የለብዎትም፤ መኖሩን ግን ይንገሩ። በአራተኛው ቀጠሮ ላይ «እስካሁን እየሄድን ያለነው ወዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ሳያገኙ አይውጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ዛሬውኑ ይሂዱ፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይሂዱ። አሜሪካ ያሉ 988 ላይ ሌሊትም ቀንም መደወል ይችላሉ።